ሁለቱ ድስቶች

የበግ ጮማ ሲቁላላ ከሸተተኝ ሆዴ ይገለበጣል። ባሌ «ሐኪም ይይሽ» ይለኛል። የምን ሐኪም! የሆድ ነገር አይደለም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ላንቺ ልንገርሽ።

አስተማሪ ሆኜ ደብረ ታቦር እንደተመደብኩ ከአንዲት ሙስሊም ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ትልቁን ቤት ለመንገድ ሥራ የመጡ ፈረንጆች ይዘውት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማው ፈረንጅ ሁሉ በረንዳቸው ላይ ይሰበሰባል። ቢራቸው፣ የሲጋራቸው ግማት፣ ሳቃቸው! የሚስቁት ደግሞ በእኛው ነው፤ በጾማችን፣ በሰላምታችን ርዝመት፣ በአከራያችን ስግደት። እንግሊዝኛ ስለምችል ይጠሩኛል። እኔም ከንቱ፣ የሠለጠንኩ መስሎኝ አብሬ እገለፍጣለሁ።

ለኢድ አከራያችን ጎረቤቱንም ፈረንጆቹንም ጠሩ። እንደ አገሩ ወግ ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱን ሙስሊም፣ አንዱን ክርስቲያን አረደው። ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው።

«ልጄ፣ ሰግጄ እስክወጣ ድስቶቹን አደራ። እንዳይነካኩብኝ» ብለውኝ ጓዳ ገቡ።

ወዲያው ከፈረንጆቹ አንዱ፣ የመንገዱ መሐንዲስ፣ ከበረንዳው ወረደ። ከክርስቲያኑ ድስት ጨልፎ ቀመሰና ያንኑ ጭልፋ ከሙስሊሙ ድስት ከተተው።

«ኧረ ተው! አይቀላቀልም!» አልኩት።

«ያም በግ፣ ይህም በግ» አለና ሁለቱንም እያፈራረቀ አማሰላቸው። በረንዳው አውካካ። እኔስ? ኋላ ቀር እንዳይሉኝ ሳቅኩ። አፌን ከፍቼ ሳቅኩ!

አከራያችን ወጡ። «የነካው የለም?»

ፈረንጆቹ ያዩኛል። «የለም፣ እማማ። ማንም አልነካው።»

«አንቺ ካልሽ አበቃ» አሉና ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ዕድሜ ልካቸውን ክርስቲያን ያረደው በአፋቸው ያልዞረ ሴት!

እነዚያ ጉዶች መንገዱ ሲያልቅ የአከራያችንን በር እንኳ አንኳኩተው ሳይሰናበቱ ሄዱ። እኔ ቀረሁ። ስንቴ ልነግራቸው ከደጃፋቸው ደርሼ ተመለስኩ።

በኋላ አከራያችን አልጋ ያዙ። ምግብ ከየቤቱ ይመጣል፤ ግማሹ ከክርስቲያን፣ ግማሹ ከሙስሊም ጎረቤት። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የመጣውን መለየት አቃታቸው። ለልጃቸው «እሷን ጥሪልኝ። የምበላውን እሷ ትስጠኝ፤ የእሷን እጅ አምናለሁ» አሏት።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ግን ላጎርሳቸው የተጠጋሁ መስሏቸው አፋቸውን ከፈቱልኝ። ሾርባውን እፍ እያልኩ በማንኪያ አጎረስኳቸው።

ሲበቃቸው እጄን ይዘው መረቁኝ። አሜን አልኩ።