አናጢውና ጣውላው

የእህቴ ባል አናጢ ነው። ሰፈሩ ያወጣለት ስም «አለበት» ነው። ድንጋይ ቢያነሳ «እግዜር አለበት»፣ የተጣመመ ምስማር ቢያቃና «እግዜር አለበት»። ሰማይ ላይ የተቀመጠ አምላክ አያውቅም፤ የሱ አምላክ እዚሁ እቃ መሃል ነው የሚኖረው። ጣውላ ላይ መጋዝ ከማሳረፉ በፊት ዳበስ ያደርገውና «ይቅርታ ጌታዬ» ይላል። ደንበኛ ይስቅበታል፤ ለሥራው ግን እንከን አይወጣለትም። እርጥብ ጣውላ በአንድ ጎኑ ከቆየ ስለሚጣመም፣ ጠዋት ማታ አንድ በአንድ እያነሳ ያገላብጠዋል።

እህቴ ከወገቧ በታች አልታዘዝ ካላት ወዲህ ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተኝታለች። ሐኪሙ ሲያሰናብታት፣ «አገላብጧት፤ በአንድ ጎን ከተኛች ትቆስላለች፣ ቁስሉ ይገድላታል» ብሎ ነበር። እኔ የምሠራበት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ስለማድር የምመጣው በእረፍት ቀኔ ብቻ ነው። ባሏ «እኔ እያለሁ ምን ትሆናለች?» ብሎ ቃል ገባልኝ።

ሥራ ተደራርቦብኝ ቆይቼ ስመጣ፣ አንሶላውን ገና ስገልጠው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ዳሌዋ ላይ ቡጢ የሚያስገባ ቁስል!

«ጋሼ! ይሄ ምንድነው?»

ሰጋቱራውን ከእጁ እያራገፈ ገባና ቁስሉን አየው። ፊቱ እንኳ አልተለወጠም።

«እሱ ቁስሉም ውስጥ አለ» አለኝ። «ለምን ትረብሺዋለሽ?»

«ታዲያ ጣውላህን ለምን ታገላብጣለህ?»

«ጣውላ አያማርርም።»

እህቴ ሳቀች። «ቁስሌ ውስጥ ካለማ፣ አምላክህ ገምቷል» አለችው።

በጥፊ አጮላት። ያ ለምስማር የሚሳሳ እጅ!

አላለቀሰችም። «አሁን ማንን እንደመታህ ገባህ?» አለችው።

ይሄኔ አልጋው ሥር ተንበርክኮ የመታውን ጉንጭ እየሳመ፣ «አምላኬ ይቅር በለኝ፣ አንተን መታሁህ» እያለ ተንሰቀሰቀ። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ለሷም አንዲት ቃል ትተርፋለች ብላ ይመስለኛል። አንዲትም አልተረፈቻትም።

«ከሱ ጋር ከጨረስክ» አለችው፣ «እኔን አገላብጠኝ።»

ተነሳ፣ እንባውን በክንዱ ጠረገና ወደ ሥራው ተመለሰ። ወዲያው የመላጊያው ድምፅ ተሰማን። ያገላበጥኳት እኔ ነኝ።