ከሙን የምትሸት ቢጫ አበባ

እስኪ ጣቴን አሽትችው። ከሙን ከሙን አይልም? ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ብየ ይችን ቢጫ አበባ ከመንገዱ ዳር ቀጠፍኩና ቅጠሏን አሸሁት። ስልክሽ ፎቶ አንስቶ አደይ አበባ ናት አለሽ። ለስልክሽ ቢጫ የሆነ ሁሉ አደይ ነው። አልፈርድበትም፤ እኔንም እዚሁ ደጋን ከተማ ድረስ አንከራትታኛለች።

ያኔ ኮምቦልቻ ኮሌጅ እማር ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ የነበረች እናቴን ደም ግፊት ጣላትና ቀኝ ጎኗም አንደበቷም ታሰረ። አርብ አርብ በሚኒባስ ተጋፍቼ፣ ያን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቼ፣ ገና ከአጠገቧ ቁጭ ስል ዓይን ዓይኔን እያየች «ቶሎ ሂጅ» ትለኛለች። የተረፋት ቃል ይኸው ብቻ ነበር። ሙዝ ስልጥላት ቶሎ ሂጅ፣ እግሯን ሳሽላት ቶሎ ሂጅ። ወላሂ አንጀቴ እርር ይል ነበር። ከቋንቋ ሁሉ ልጇን ማባረሪያው ብቻ ይቅራት?

አንድ አርብ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከደጋን ሊጠይቋት መጥተው ተቀምጠዋል። እናቴ ያንኑ ስትለኝ ትዕግስቴ አለቀና ቦርሳየን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ አጎቴ።

«ሂጅ ትለኛለች እኮ፣ አይሰሙም?»

«አበባዋን ነው እንጅ የምትልሽ። ቶሎ ሂጅ የምትባል የቆላችን አበባ አለች። ካፊያ ሲነካት ብቅ ትላለች፣ ሳትጠገብ ትደርቃለች።»

ቦርሳየን መልሼ አስቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስትለምነኝ ኖራለች ለካ። ሐኪሙ በሽታው ደግሞ ከጣላት አትነሳም ብሎን ነበርና፣ ሳታመልጠኝ ላደርስላት ቸኮልኩ።

ከኮምቦልቻ ቢጫ አበባ ለቅሜ ወሰድኩላት። አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሌላ ዓይነት አመጣሁ፤ አሁንም ግድግዳ። ለአጎቴ ደወልኩ። ምን ትመስላለች ስላቸው ቢጫ ናት አሉኝ። ሁሉም ቢጫ ነው ስላቸው አጭር ናት አሉ። ሌላስ ብላቸው ቆንጆ ናት። ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

ራሴ ደጋን ወረድኩ። አጎቴ በዚያ ፀሐይ ወደ ደረቁ ወንዝ ይዘውኝ ሄዱና አሸዋው ላይ ከጣት የማትበልጥ ቢጫ ነገር አሳዩኝ። ይች ናት ያን ሁሉ ያንገላታችኝ? ቅጠሏን አሽተው አፍንጫየ ሥር አደረጉልኝ። መለያዋ ሽታዋ ነው አሉ።

«ታዲያ በስልክ ቢነግሩኝ ምን ነበር?»

«መልኳን እንጅ ሽታዋን መቼ ጠየቅሽኝ?»

ብዙ ለቅሜ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልየ ከአጎቴ ጋር ደሴ ስንደርስ ግማሹ ጠውልጓል። እናቴ ግን ገና ጨርቁን ስፈታው ሽታው ደረሳትና ፊቷ ፈካ። አንዷን መረጠች። ታሸታታለች ስል፣ በደህናው እጇ ሻሼን ወደ ኋላ ገፋችው። ትንሽ ታገለችና ከሹሩባየ መሃል ሰካችልኝ። አጎቴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። በአገራቸው ሴት ልጅ ስትዳር ይችን አበባ የምትሰካላት እናቷ ናት፤ ይህን የነገሩኝ ከቀብሯ በኋላ ነው። ያኔ እንኳን ባል፣ የሚያየኝም አልነበረም። እሷ ግን ሰርጌ ላይ እንደማትደርስ አውቃው ነበር።

የተዳርኩ ቀን ሴቶቹ ለጸጉሬ አበባ ይዘው መጡ። ተሰክቶልኛል አልኳቸው።