ውጪ ያለኝ ቀን

ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው፤ ዲላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ይህን የማያውቅ የለም። አንድ ቀን «ኦክቶፐስ ለብቻው የሚኖር እንስሳ ነው» ብዬ ሳስተምር አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ኧረ አይደለም!» አለችኝ። ተናድጄ ከክፍል አስወጣኋት። ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ብፈልግ አንድ ቪዲዮ አገኘሁ፤ ለካ እውነቷን ነው።

ቪዲዮውን ከደባሌ ጋር አየነው። የጌዴኦዋ ጨለለቅቱ ከተማ ልጅ ነው፣ ፊዚክስ ያስተምራል፤ አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን ሁለት ፍራሽ ዘርግተን ነበር። ባሕሩ ወለል ላይ፣ የዛጎል ክምር ውስጥ፣ ኦክቶፐሶቹ ጉድጓድ ለጉድጓድ ተጎራብተዋል። ሰላም ግን የለም። አንዱ ጠቁሮ ይነሳና ጎረቤቱን በክንዱ ጠምዝዞ ከጉድጓዱ ይጎትተዋል፤ ሌላው ጭቃና ዛጎል ይወረውርበታል። ከዚያ ደግሞ ሁለቱ አንድ ክምር ላይ ጎን ለጎን ቁጭ! ደባሌ በሳቅ ሞተ።

«እዪ፣ አንቺና እኔን አይመስሉም?»

አፉን የፈታው አንተና አንቺን በማይለየው በጌዴኦኛ ስለሆነ፣ እኔን ወንዱን ሳይቀር ሁሉንም «አንቺ» ይላል፤ ሁሌ እስቅበት ነበር። የዚያን ቀን ግን ዐይኔ የቀረው ከጉድጓዱ የተጎተተው ላይ ነው።

እሑድ ከቸርች መልስ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ቆጮ በጎመን እንበላ ነበር። «ነገ እህቴ ለሕክምና ትመጣለች፤ እኔ ጋ ነው የምታርፈው» አለ። በዚህ ዝናብ ከዚህ ክፍል ብወጣ መግቢያ የለኝም።

«ታዲያ ሦስት ሰው እዚህ እንዴት ይተኛል?» አልኩት።

እያላመጠ «ውጪ» አለ።

እኔ የሰማሁት ትእዛዝ ነው፤ ያውም ለሴት የሚባለውን፦ ውጪ፣ ሂጂ፣ ጥፊ! ደሜ ፈላ። ሳህኑን ፊቱ ላይ ደፋሁት። ሊነሳ ሲል አንገቱን አነቅኩት፤ ተያይዘን ወደቅን። እጄን ነከሰኝ። በርጩማውን አነሳሁና ፊቱን አልኩት። ደገምኩት። ደሙ በጣቶቹ መሃል ወረደ።

«ምን አረግኩሽ?» አለ ዐይኑን ይዞ። «ውጪ ያለውን ማድ ቤት አከራያችን ፈቅደውልኛል ልልሽ እኮ ነው! እዚያ እኔና እሷ...»

ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

በማግስቱ እህቱ መጣች። ማን መታህ ስትለው «ወድቄ ነው» አላት፤ እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ልትታከም የመጣችው ሴት፣ የራሷን ሕመም ትታ እሱን እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ስታመላልስ ሰነበተች። ግራ ዐይኑ አልተረፈም። በሦስተኛው ሳምንት ፍራሹን ጠቅልለው በባጃጅ ሄዱ።

ክፍሉ አሁን የእኔ ብቻ ነው።