ገንዳው ጋ የሚባለው ኦኬ

ይርጋጨፌ አጠገብ ካለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ ጆሮዬ የገባው ቃል ኦኬ ነው። በግቢው ኦኬ የማይል አልነበረም። ሾፌሩ ጭነቱ ሲሞላ «ኦኬ!» ብሎ ይነሳል። ማድረቂያው አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ወሬ ሲሰለቻቸው «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሰማን!» ይላሉ። ሥራ አስኪያጃችንማ ስልክ ላይ ሃያ ጊዜ ይለዋል፤ የሚባለውን ሰምቶ እንደሆነ እንጃ።

የተፈለፈለው ቡና ልጋጉ እስኪለቀው የሚቦካበት ገንዳ ጋ ግን ትርጉሙ አንድ ነው፦ ቡናው በቅቶታል፣ ውሃ ልቀቁ። የምትለውም የገንዳ ተቆጣጣሪዋ እትዬ አስቴር ብቻ ነበረች። የወናጎ ሰው ናት፤ ቁጡ፣ ጸሎተኛ። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ታስገባና ፍሬውን በመዳፏ ታሻዋለች። ካሟለጨ ገና ነው። ሻክሮ እንደ ጠጠር ከተንኮሻኮሸ «ኦኬ» ትላለች።

በሦስተኛው ዓመቴ አንዱን ገንዳ ለእኔ ሰጠችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ያ ወቅት በደህና ካለቀ ቋሚ እሆናለሁ። ባለቤቴም ልትወልድ ወር ቀርቷታል።

አንድ ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰዓቴን አየሁ፤ ቡናው የሚበቃበት ሰዓት አልፏል። እጄን ከኪሴ ማውጣት ሰነፍኩና «ኦኬ!» አልኩ። ውሃው ተለቀቀ፤ ቡናውን እየገፋ ወደ ማጠቢያው ቦይ ወሰደው። በብርድ ቡና ለመቡካት እንደሚዘገይ አውቅ ነበር እኮ!

እትዬ አስቴር በቦዩ ዳር ስታልፍ ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ አሸች።

«ዝጉ! ውሃውን ዝጉ! አንተ፣ እጅህን አስገብተሃል?»

«አላስገባሁም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የኢዲዶ ገበሬዎች በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡት ቡና ነው፤ ልጋጉ ሳይለቀው አልጋ ላይ ቢወጣ ይበላሻል። በባልዲ እየቀዳን ወደ ገንዳው መለስነው። ሴቶቹ ቁርሳቸውን ትተው አገዙኝ፤ እያገዙም «ኦኬ ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል። እግዜር ይስጣቸው።

ገና ሳንጨርስ ሥራ አስኪያጁ በሞተር ከተፍ አለ።

«አስቴር፣ ኦኬ ነው?»

ስሜን ከጠራችው ዕለቱን መሰናበቴ ነው። እሷ እጇን አስገብታ አሸች፤ ከዚያ ቀና ብላ «ገና ነው። ብርዱ ይዞታል» አለችው። እውነቷን ነው። እኔን ግን አላነሳችኝም። እሱም ሄደ።

«እትዬ፣ ውለታሽን በምን...» ብዬ ስጀምር «ዝም በል! እጅጌህን ሰብስብ» አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ አጠገቤ ቆመች። ክንዴን አስገባሁ፤ ቀዘቀዘኝ። ፍሬው መዳፌ ውስጥ ተንኮሻኮሸ። ቀስ ብዬ «ኦኬ» አልኩ።

«አልተሰማም!» አለች።

ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ቋሚ ሆንኩ፤ ልጃችንንም አስቴር አልናት። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ዲላ ነው የምኖረው። ለአዲስ ገቢዎች የምላችሁ ይኸው ነው፦ እጃችሁ ሳይረጥብ ኦኬ አትበሉ።