ያልተለበለበው ቢላ

የሳይንስ ማኅበራችንን አልወደውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ተናዳ ነው የጻፈችው» እንዳይባል ነው፤ አዎ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ወልቂጤ ባዮሎጂ ሳስተምር ስድስት ዓመት አባል ነበርኩ። ማኅበሩ የሰጠኝ ሰደርያም ኮፍያም እስከ ዛሬ ቤቴ አለ። ሰደርያውን እንኳ ወለል ልወለውልበት ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ጨርቁ ውኃ አይመጥም።

አልዋሽም፣ በመጀመሪያው ዓመት ወድጄው ነበር። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ቁልፉ የጠፋ ክፍል ነው። መምህራን ሻይ ስንጠጣ የሚወራው ስለ ዝውውርና ስለ ኳስ ነው። ማኅበሩ ግን በወር አንድ ቅዳሜ ይሰበስበንና አንዱ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ሌላው ስለ አፈር ይናገራል። አንድ ቅዳሜ ተራው የእኔ ሆኖ እንሰትን ስለሚያጠፋው የአጠውልግ በሽታ ተናገርኩ። ሰው ስልኩን አስቀምጦ ሰማኝ፤ ሲያበቃም አጨበጨቡልኝ። መምህር በመሆኔ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ የደብዳቤው ነገር መጣ። የማኅበሩ የእኛ አካባቢ ቅርንጫፍ በየዓመቱ አንድ አባል መርጦ ለሁለተኛ ዲግሪ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤውን የያዘ ይማራል፤ ያልያዘ ማመልከቻ ሲያስገባ ይኖራል። እኔ ሁለት ጊዜ አስገብቼ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። የሚፈርመው ሰብሳቢው ነው፤ የፊዚክስ ዶክተር ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን ወረቀቱ የራሴ ስለሆነ አልለውም። በአንዲት «እናያለን» ስንቱን አባል እንዳሯሯጠ እኔ አውቃለሁ። ለስብሰባ ወንበር የደረደርኩት፣ የእሱን ሪፖርት እየተየብኩ ቅዳሜና እሑዴን የጨረስኩት ለሳይንስ ፍቅር ብቻ አልነበረም።

አንድ ቀን አስጠርቶኝ የማኅበረሰብ አገልግሎት ቀን ልናዘጋጅ ነው፣ አንቺ አገሩን ታውቂዋለሽና ምሪን አለኝ። የማውቀው አገር እምድብር አጠገብ ያለው የአክስቴ መንደር ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ያላት ያ የእንሰት ጓሮ ነው፤ የምትበላውም፣ እኔን ያስተማረችኝም ከእሱ ነው። በዚያ ሰሞን መንደሩ ዳር አንድ ጓሮ ውስጥ አጠውልግ ገብቶ ነበር። በሽታው የያዘው እንሰት የመሃል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ሲቆረጥ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፣ ከዚያ እስከ ሥሩ ይበሰብሳል። መድኃኒት የለውም።

ስንደርስ ሴቶቹ ቤቶቹን ግራና ቀኝ በሚከፍለው ሰፊ የሣር መንገድ፣ በጀፎረው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። አክስቴ ከሁሉም ፊት ነበረች። «የእኔ ልጅ ናት ያመጣቻቸው» እያለች ለጎረቤቶቿ ትናገራለች። እኔም ያቺን ሰደርያ ለብሼ ደረቴን ነፍቻለሁ።

ሰብሳቢው ፎቶ አንሺ ይዞ ነው የመጣው። ከአንዷ ሴት ቢላ ተቀብሎ በሽታው ያለበት ጓሮ ገባና አንዱን ቅጠል ከግርጌው ቆርጦ ፈሳሹን ለካሜራው አሳየ። ጤነኛው ደግሞ ምን እንደሚመስል ላሳይ ብሎ፣ ያንኑ ቢላ እንደያዘ ወደሚቀጥለው ጓሮ አመራ። ይሄኔ አክስቴ ሮጣ ወደ ቤቷ ገባችና ፍም በገል ይዛ ወጣች። የዚያ አገር ሴት የታመመ እንሰት የነካ ቢላ እሳት ሳይለበልበው ሌላ እንሰት አይነካም ትላለች፤ ቢላውን ዘርግቶ እንዲሰጣት በእጇ ጠየቀችው።

እሱ ሳቀ። «እናቴ፣ ይሄ እምነት ነው፤ እኛ የመጣነው በሳይንስ ነው» አላትና ወደ እኔ ዞረ። «አይደለም እንዴ፣ የባዮሎጂ ሰው?»

እምነት አልነበረም። በሽታው ባክቴሪያ እንደሆነ፣ ከእንሰት እንሰት የሚያዞረውም በዋናነት ቢላ እንደሆነ፣ እሳት እንደሚገድለው አውቃለሁ። በዚያ ቅዳሜ ቆሜ የተናገርኩት ይህንኑ ነው፤ እሱም ከፊት ወንበር ተቀምጦ አጨብጭቧል። ግን በሰው ፊት ባርመው የሚመጣብኝ «እናያለን» ታየኝ። «ይቆይ፣ አክስቴ» አልኳት። ፍሙን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ አመድ እስኪሸፍነው ድረስ አላስቀመጠችውም። ሰብሳቢው በዚያው ቢላ ቅጠል እየቆረጠ ሦስት ጤነኛ ጓሮ አዳረሰ። ሁለተኛው የእሷ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ሦስቱም ጓሮዎች መጠውለግ ጀመሩ። ያልገባንባቸው ጓሮዎች ለምለም እንደሆኑ ናቸው። ለሰብሳቢው ደውዬ ነገርኩት፤ ዝናቡ በዝቶ ይሆናል አለኝ። አንድ ሰው እንኳ እንዲልክ ለመንኩት፣ በጀት የለም አለ። የመንደር ዕድር እንኳ ሰው ሲቸገር ድንኳኑን ተሸክሞ ይመጣል፤ ይሄ የምሁራን ዕድር ግን የሚመጣው ፎቶ ሲኖር ነው። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ ቡታጅራ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ የመስክ ሪፖርቱን የማቀርበው እኔ ነኝ፣ ደብዳቤዬንም እዚያው መድረክ ላይ እቀበላለሁ።

ጉባኤው አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ ተደርድሯል፣ ከመድረኩ በላይ ማኅበራችን ለአባላቱ ዕድገት የሚል ባነር ተሰቅሏል። አባላት እየተነሱ ማኅበሩ እንዴት ለዚህ እንዳበቃቸው መሰከሩ። አንዱማ ማኅበሩ ባይኖር ሰው አልሆንም ነበር አለ፤ አሁንም ያን ያህል ሰው አልሆነም። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ሰብሳቢው የመረጠው ፎቶ ግድግዳው ላይ በራ፤ እሱ ቢላ ይዞ ይስቃል፣ ከኋላው አክስቴ ፍሟን ይዛ ቆማለች።

የተተየበውን ወረቀት አጠፍኩት። «ይቺ ፍም የያዘችው ሴት አክስቴ ናት» አልኩ። «ቢላውን ልለብልብላችሁ ብላን ሳቅንባት። በሽታውን ጓሮዋ ያስገባነው እኛ ነን።»

ሰብሳቢው ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብሎ ሰዓትሽ አልቋል አለኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ሰው ከመድረክ ሲወርድ ማጨብጨብ ስለለመዱ ብቻ አጨበጨቡ። ደብዳቤው ለሌላ መምህርት ተሰጠ፤ ስትቀበል እኔን ላለማየት መሬት መሬት ታይ ነበር። ምሳ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ የለም። እጅ መታጠቢያው ጋ አንድ የኬሚስትሪ መምህር በደንብ ተናገርሽ ብሎኝ ሰው ሳያየው ፈጥኖ ሄደ። ከማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕም ገና ከቡታጅራ ሳልወጣ አስወገዱኝ።

ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ወደ እምድብር ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ለአክስቴ የምነግራትን አደራጅ ነበር። ትመርቀኛለች ብዬ ነው የሄድኩት። ስደርስ ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር የበሰበሱትን እንሰቶች ነቅለው የሚቀብሩበት ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ አጠገባቸው እሳት ይነዳል። ቁጭ ሳልል በጉራጊኛ ነገርኳት፤ በሰው ሁሉ ፊት እውነቱን እንደተናገርኩ፣ ሰብሳቢው የፊዚክስ ሰው እንደሆነ፣ ደብዳቤውም በዚህ እንደቀረብኝ።

አልመረቀችኝም። መቆፈሪያውን ተደግፋ አየችኝ። ያን ቀን ፍሙን ይቆይ ስላት፣ የተማሩ ሰዎች አዲስ ነገር አግኝተው ይሆናል ብላ እንደነበር ነገረችኝ። ለጎረቤቶቿም ያንኑ ብላ አጽናንታቸው ነበር። ከዚያ፣ «ያን ቀን ቢላው እንደሚያስተላልፍ ታውቂ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

«እሱስ የሌላ ትምህርት ሰው ነው አልሽኝ» አለች። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

እሱም ሰምቶ ነበር፣ አጨብጭቦልኛል ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። መቆፈሪያውን ከእጇ ተቀበልኩና ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ስቆፍር ዋልኩ። ስጨርስ አክስቴ መቆፈሪያውን ወስዳ ብረቱን እሳቱ ውስጥ ከተተችው፣ እስኪግልም ቆማ ጠበቀች። ለጎረቤቷ ወደ ጓሮዋ እንድትወስደው የሰጠቻት ከዚያ በኋላ ነው።