ወልደጻድቅ ያልተነሳበት እሑድ

ወልደጻድቅ አሰላ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ጊዜያዊ ጸሐፊ» ነበር። ጊዜያዊ እቴ! ልጅ ተወልዶ ዳዊት የሚደግምበት ዕድሜ እኮ ነው። የቋሚነት ደብዳቤው ተተይቦ የቀረው የአለቃው የፊታውራሪ ኃይለመስቀል ፊርማ ብቻ ነበር። ፊታውራሪም ቅዳሜ ከቢሮ ሲወጡ፣ ነገ ጭላሎ ተራራ ሥር ካለው ወንዝ ዓሣ ልናጠምድ ነውና አብረኸን ና፣ ትንሽ ተዝናና፣ ደብዳቤህንም እዚያው እፈርምልሃለሁ አሉት። ሚስቱ ትርፌ ደስታውን አልቻለችውም፤ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

እሑድ ከፊታውራሪ፣ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት እንግዶችና ከፊታውራሪ ውሻ ጋር በላንድሮቨር ወጣ። ወንዙ ውስጥ አንድ ፈረንጅ አስመጥቶ የለቀቀው ትራውት የሚሉት ዓሣ ነበረ። ወልደጻድቅ በዕድሜ ዘመኑ መንጠቆ ይዞ አያውቅም። ትሉን ሲሰካ ጣቱን ወጋ፤ ክሩን ሲወረውር የገዛ ባርኔጣውን ያዘ። ይሁን፣ ጀማሪ ነው፤ ቢሳቅበትም ያለ ነው።

ፊታውራሪ የሚስቁት ግን በሌላ ነበር። ትልቅ ሰው ሲነሳ ትንሹ ብድግ ብሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ መንሳት አለበት። ይህን እያወቁ ፊታውራሪ ይነሳሉ፤ ወልደጻድቅ ዘንጉን ጥሎ ብድግ። ይቀመጣሉ፤ እሱም ይቀመጣል። ደግመው ይነሳሉ። እንግዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይንከተከታሉ። ስንት ጊዜ መሰላችሁ? አሥራ አራት ጊዜ! ጉልበቱ ዛለ፣ ክሩ ተተበተበ፣ እሱ ግን ፈገግ ይላል፤ ደብዳቤው በፊታውራሪ ካፖርት ኪስ ውስጥ ነዋ። ሰው ለእንጀራው ሲል ምን የማይሆነው አለ።

ከምሳ በኋላ ሰዎቹ ጋደም አሉ። ፀሐይዋ ሞቅ አለች። ወልደጻድቅም ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ፋይል የለ፣ ጥሪ የለ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ደስ አለው። ያኔ ክሩ ተወጠረ። ነፍስ ያለው ነገር እጁን ጎተተው፤ እሱም ጎተተ፤ ዓለሙን ሁሉ ረሳ። ፊታውራሪ ተነስተው መጥተው አጠገቡ ቆሙ። አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ደገሙ። አልሰማም። የክንድ ያህል ዓሣ ሣሩ ላይ ሲፈራገጥ ልቡ ቅቤ ጠጣ። እንደተቀመጠ ቀና ብሎ፣ ጌታዬ ያዝኩት አላቸው።

እንግዶቹ ነቅተው ያያሉ። ፊታውራሪ አልተቆጡም፤ ምነው በተቆጡ። ወልደጻድቅ ባንኖ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት በለሰለሰ ድምፅ። «ከእንግዲህ ለማንም አትነሳም።»

ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ቀዳደው ውሃው ላይ በተኑት። ዓሣውን በጫማቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ለውሻው ሰጡት።

የወልደጻድቅ ቆሌ ተገፈፈ። እግራቸው ላይ ወድቆ ጫማቸውን ሳመ፤ የአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቱን ቆጠረላቸው። እንግዶቹ ይህም የጨዋታው ክፍል መስሏቸው ሳቁ። ሲመለሱ መኪናው ሞልቷል ተባለና ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ወረደው፤ ዝናቡም አልማረው።

አሰላ ሲደርስ ትርፌ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጎረቤቶቿን ሰብስባ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ገና ሳይቀርብ፣ «ፈረሙልህ?» አለችው።

ጎረቤቶቹን አየ፤ እሷን አየ።

«ዓሣ ያዝኩ» አላት።

ትርፌ እጁን ተመለከተች፤ ባዶ ነበር።