መሃል የገባ ሰው

በኢንዱስትሪ ፓርኩ በር የልጄን ምሳ ይዤ ቆሜያለሁ። እሱ ተሳቢውን ከጭነት መኪናው ጋር ሊያያይዝ መሃል ገብቷል። የግራሶው ሽታ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ መለሰኝ።

አባቴ እዚያ ፉርጎ ከፉርጎ ያያይዝ ነበር። አንድ ቀን ከእናቴ ከኡሚ ጋር ምሳ ስናደርስለት ሰንሰለቱን ይዞ መሃል ቆሟል፤ ሌላው ፉርጎ ወደ እሱ እየተገፋ ይመጣል። «አባ» ብዬ ልጠራው አፌን ስከፍት፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚለው የኡሚ መዳፍ ከደነው።

«መሃል የገባ ሰው አይጠራም» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዞር ካለ አለቀለት።»

ብረት ከብረት ተላተመ። አባቴ እጁን እየጠረገ ወጣ። የኡሚ መዳፍ ግን ከአፌ ላይ አልተነሳም።

አሁን መኪናው ወደ ኋላ እየመጣ ነው፤ ልጄ ጎንበስ ብሏል። ምሳውን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው የራሴን አፍ ከድኛለሁ።